ድንኳን የሚተከልበት ቦታ

የአንዲት ጎረቤታችን እናት ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወሬው ሌሊቱን በስልክ ተዳረሰ። ሲነጋ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን በጋሪ አስጭነው መጡ። ችግሩ የታየው ያኔ ነው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ነው። ካስማ የሚመታበት አንድ ክንድ አፈር አልነበረም።

የዕድሩ ዳኛ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ግቢውን በእርምጃቸው ለኩት። በአንድ ወገን ባጃጆች ቆመዋል። በሌላ ወገን የውኃ ታንከር አለ። መሀሉ መኪና መግቢያ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደው ተመለሱና ቆም አሉ። «ይህን ግቢ ሲሠሩት ሰው ይሞታል ብለው አላሰቡም ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሐዘን ነበር።

በመጨረሻ መላ የመቱት ልጆች ናቸው። ከየቤቱ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሰበሰቡ። ውኃ ሞሉባቸው። የድንኳኑ ገመድ በካስማ ፈንታ በጀሪካን እጀታ ታሰረ። ሦስት ቀን ሙሉ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጀሪካኖቹ ይንሸራተቱ ነበር። ያኔ ከለቀስተኛው አንዱ ብድግ ብሎ ገመድ ይዞ ይቆማል። እኔም በተራዬ ቆሜያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ገመዱን ይዤ ያሰብኩትን ነው።

ባሕር ዳር እንደገና እየተሠራች ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። የኮሪደር ልማቱ የጣናን ዳርቻ ጨምሮ ጎዳናዎቹን እየቀየራቸው ነው። አጥር ፈርሷል፣ ቤት ተነሥቷል፣ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት በርቷል። አመሻሽ ላይ ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ይህን በማየቴ ከልቤ ደስ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ጣናን ቁጭ ብሎ ለማየት የሆቴል ማኪያቶ መግዛት ያስፈልገን ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ሲነሣ አልሰማሁም። ከተማ ሲነደፍ መኪናው የት ይለፍ፣ ጎርፉ የት ይውረድ፣ እንግዳው የት ይረፍ ይባላል። ሐዘንተኛው የት ይቀመጥ የሚል የለም። እኛ ደግሞ ሐዘንን ተሰብስበን የምንወጣ ሰዎች ነን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤቴ ድንኳን ይተክላል። ወንበር ያንሳል፣ ከሌላ ዕድር ይዋሳል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። በሣልስቱ ይመጣል፣ በአርባው ይመጣል፣ በሙት ዓመቱም ይመጣል። ይህ ሁሉ መሬት ይፈልጋል።

ትዝታም እንደዚያው ነው። የሞተ ሰው ሲታወስ ወሬው ከቦታ ይጀምራል። «ያቺ ሾላ ሥር ቁጭ ብሎ» ይባላል። «በዚያ በር ሲገባ» ይባላል። ሾላዋ ከተቆረጠች፣ በሩ ከፈረሰ፣ ወሬው ከየት ይነሣል? የሥነ ሕንጻ ሰዎች ስለ ሐውልትና ስለ ሙዚየም ብዙ ይላሉ። እኔ የማምነው ግን ትዝታን ተሸክሞ የሚኖረው የሰው እግር የሚመላለስበት ቦታ መሆኑን ነው። ባሕር ዳርና ጣና ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር አላቸው።

ከምስክሮቹ የመጀመሪያዎቹ ገዳማቱ ናቸው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌ የወረደ ሰው በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ጥላው ከባድ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ ክብ ቤት ያገኛል። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ቤት ነው፣ ትልቅ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ውስጡ ሦስት ነው። ውጫዊው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው። ቀጥሎ ቅድስት አለ። መሀል ላይ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል። የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሰማዕታቱ፣ ቅዱሳኑ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ ጊዮርጊስ በፈረሱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ሥዕል አንድ ቦታ ቆሞ ሙሉውን ማየት አይቻልም። አንዱን ወገን ሲያዩ ሌላው ይደበቃል። ለማየት መዞር ግድ ነው። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን ወደ ምዕራብ እያሉ በባዶ እግር መሄድ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዞራ ዞራ ታሪኩን በእግሯ ታውቀዋለች። ስለዚህ ቤቱ ራሱ አስተማሪ ነው። የሠሩት ሰዎች የሰው ልጅ ነገር የሚይዘው በዓይኑ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴም አለ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እቴጌይቱ ራሳቸውን በግድግዳው አስለዋል። የተሳሉት ግን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። አገር የገዙ ሴት ነበሩ። በዙፋን ቁጭ ብለው መሳል ማን ይከለክላቸው ነበር? ያ ሥዕል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያሠራ ሰው እዚያ አለ፣ አልተረሳም። ነገር ግን የሚመጣው ሰው ከእሳቸው ጋር አብሮ ይሰግዳል እንጂ ለእሳቸው አይሰግድም። የምረቃ ሰሌዳ ላይ የባለሥልጣን ስም በትልቁ በተጻፈ ቁጥር ምንትዋብን አስባለሁ።

ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ ነገሥታቱ ያረፉበት ነው። ጎንደርን ያቀኑት ዐፄ ፋሲል አጽማቸው እዚያ፣ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ይታያል። ያን ሁሉ ግንብ ያስገነቡ ንጉሥ የመጨረሻ ማረፊያቸው ግንብ የሌለበት ደሴት ሆነ። ውኃው ራሱ አጥር ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ከየገዳማቱ ቅርሶች ወደ ጣና ደሴቶች የተሰደዱትም ለዚሁ ነው። እህቴ ግን ዳጋ ገብታ አታውቅም። ዳጋም ክብራን ገብርኤልም ሴት አይገባም። አብረን የሄድን ቀን ጀልባው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስመለስ እያለቀሰች አገኘኋት። ስለ ንጉሥ አልነበረም። ያቺ ድንጋይ ላይ ሆና አባታችንን አስባ ነው። እኔ ውስጥ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ ረስቼ ያቺን ድንጋይ አስታውሳለሁ።

ወደ ከተማው እንመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አስከሬን ከቤት ወጥቶ መቃብር እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል። በየማረፊያው፣ ምዕራፍ በሚባለው፣ ፍትሐት ይደርሳል። የሟቹ የክርስትና ስም ይጠራል። ይህን ከከተማ ንድፍ ጋር አያይዞ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። እስቲ አስቡት። ከሟቹ ቤት እስከ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ለአንድ ቀን ይቀየራል። ይህ ሱቅ አንድ ማረፊያ ነው፣ ያ ማእዘን ሌላ ማረፊያ ነው። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሰባቱን ቦታ አይረሳም። አክስቴ እስከ ዛሬ አንድ ፋርማሲ ፊት ለፊት ስትደርስ ታማትባለች። የማያውቃት ሰው ፋርማሲው ላይ ቤተ ክርስቲያን የተሳለ ይመስለዋል። እሷ የምታማትበው የልጇ አስከሬን ለአራተኛ ጊዜ ያረፈበት ስለሆነ ነው።

አሁን አሁን አስከሬን በመኪና ይሄዳል። ሰባቱ ምዕራፍ በአንድ ቦታ ተጠቃልሎ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ትራፊኩ አይጠብቅማ። ይህ የካህናቱ ጥፋት አይደለም፣ የቤተሰቡም አይደለም። መንገዱ ለመኪና ሲሠራ ለአስከሬን ማረፊያ አልተተወለትም።

ስም መጥራቱን ላንሣ። አሜሪካኖች በዋሽንግተን ለቬትናም ጦርነት ሟቾቻቸው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ሠርተዋል። የነደፈችው ማያ ሊን የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመረቀ። ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፣ የጄኔራልና የተራ ወታደር ሳይባል። እናቶች መጥተው የልጃቸውን ስም በጣታቸው ይዳስሳሉ። ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ ያትሙታል። ያ ሐውልት ሰው የሚሄድበት ሆኖ የቀረው በስሞቹ ነው። እኛ ስሙን በድምፅ እንጠራለን፣ እነሱ በድንጋይ ጻፉት። ሁለቱም የገባቸው ነገር አንድ ነው። ሐዘንተኛ የሚፈልገው የራሱን ሰው ነው።

የእኛ ከተማ ትልቁ ሐውልት በዓባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ነው። ከደርግ ጋር በተደረገው ትግል ለወደቁ ታጋዮች መታሰቢያ ነው። ቦታው ያምራል። ወንዙ ይታያል፣ ዛፉ አለ፣ ነፋሱ አለ። እዚያ ስንት ሙሽራ ፎቶ ሲነሣ አይቻለሁ። እኔም የጓደኛዬ ሚዜ ሆኜ ተነሥቻለሁ። ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ግን የለም። ይህን ስል የወደቁትን ማሳነሴ አይደለም። የሰው ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው በየገጠሩ ደረታቸውን መትተዋል። የሚያሳዝነኝ እነዚያ እናቶች ቢመጡ የልጃቸውን ስም ዳስሰው፣ ነጠላቸውን አንጥፈው ቁጭ የሚሉበት ቦታ ታስቦላቸው አለማየቴ ነው። ረጅም ነገር ቀና ብለው ያዩታል። ሐዘን ደግሞ ቀና አያስብልም።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት የተለየ ዕድል ገጥሞታል። ንጉሡም ደርግም ኢሕአዴግም አልፈው እሱ በቦታው አለ። በየዓመቱ አበባ ይቀመጥበታል። ምክንያቱ ሐዘኑ የአንድ ድርጅት ስላልሆነ ይመስለኛል። በ1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፈው ሕዝብ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የቦታ ስሞችን ብትከታተሉ የመንግሥታትን መምጣትና መሄድ ታነባላችሁ። አውሮፕላን ማረፊያው «ግንቦት 20» ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. የወደቀበት ቀን ነው። ኋላ «ደጃዝማች በላይ ዘለቀ» ሆነ። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋ፣ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገሩ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለ ጎጃሜ አርበኛ ነው። «ኅዳር 11» የሚባል ቀበሌም ነበረን። ደርግን የተዋጋው ድርጅት ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተበት ቀን ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ኅዳር 11 ምንድን ነው?» ብትሉት ሰፈሩን ያሳያችኋል እንጂ ቀኑን አይነግራችሁም። ሽምብጥን፣ ሹም አቦን፣ ፋሲሎን ግን ማንም መንግሥት ሲቀየር ልቀይር አላለም። ሰው ራሱ ያወጣው ስምና ሰው ያልለመደው ስም ዕድሜያቸው ለየቅል ነው።

ማንም መታሰቢያ ብሎ የማይጠራው መታሰቢያ ደግሞ አለን። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣና ዳር የደረሰው ጦር ያፈሰሰው ደም ኋላ ላይ ክርና ጨርቅ ሆኖ ለዚህ ከተማ እንጀራ አበላ። ስንት ሴት በዚያ ደመወዝ ልጅ አሳደገች። ፋብሪካው በር ላይ ይህን የሚናገር አንድ ድንጋይ ቢቆም ምን ያህል ባማረ። የከተማው ልጅ ሠራተኞቹ በፈረቃ ሲወጡ እያየ ያድጋል፣ ፋብሪካው የምን ዋጋ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የከተማውን ማስተር ፕላን ሠራ። ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር ይባላል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥትም አሠርተዋል። አዲስ አበባ የሚኖር የባሕር ዳር ልጅ ምን ናፈቀህ ቢባል ግን ቤተ መንግሥቱን አይልም። ዘንባባውን ይላል። ብስክሌቱን ይላል። ጣና ዳር ያለውን ነፋስ ይላል። ማንነት ማለት አንዳንዴ ይኸው ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነበረው ጥላ። ስለዚህ ዘንባባ ሲቆረጥ ሰው ቅር ቢለው «ለልማት ጠላት ነው» አይባልም። ከልጅነቱ ቆርሰው እየወሰዱበት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። በጣና ኖረዋል፣ ከጣና በልተዋል። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። በዚህም ምክንያት ሌላው ሕዝብ ለረጅም ዘመን አግልሏቸው ኖሯል፣ አብሯቸው አይበላም ነበር። ይህ በደል ነው፣ በደል መሆኑን ጮክ ብለን አልተናገርንም። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከዳርቻው ወደ ኋላ ተገፍተዋል። ሆቴል ሲመጣ ተነሡ፣ መንገድ ሲመጣ ተነሡ።

ቋንቋው የጠፋበት ሕዝብ ትዝታው የት ይቀመጣል? የእነሱ ደንገል ውስጥ ነው፣ በሐይቁ ዳር በሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል። ከደንገል ታንኳ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ነዶውን በጉልበታቸው ይጫኑታል። በገመድ ያስሩታል። ጥርሳቸውን ነክሰው ይስቡታል። አጠገባቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ አለ። ማንም ና ተማር አላለውም። ገመዱን ያቀብላል፣ ሽማግሌው ሲስቡ እሱም ትንሿን ጥርሱን ይነክሳል። ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ከጥቂት ወር በኋላ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ይጣልና ሌላ ይሠራል። እና አያችሁ፣ ድንጋይ የሚቆየው ማንም ሳይነካው ነው። ታንኳ ግን ከፈርዖን ዘመን ሥዕሎች ላይ ካሉት ጀልባዎች ጋር እየተመሳሰለ እስከ ዛሬ የደረሰው በየጥቂት ወሩ እንደገና ስለተሠራ ነው። ሰው እጁን ባነሣ ቀን ያበቃል።

ደንገል ደግሞ ረግረግ ይፈልጋል። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳርቻውን እየወረረ ነው። በዚያ ላይ ዳርቻው በሲሚንቶና በድንጋይ ከታሰረ ደንገል አይበቅልም። መናፈሻው ያምር ይሆናል። ታንኳ የሚባለውን ነገር ግን የልጅ ልጆቻችን አደባባይ ላይ በሲሚንቶ ተሠርቶ ያዩታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ለዓሣውና ለወፉ ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ለሚኖረው ሰው ኑሮ ጭምር ነው። ከአዲሱ ዳርቻ ላይ የተወሰነው ረግረጉ ሳይነካ፣ ደንገሉ ሳይነቀል፣ የወይጦ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሆኖ ቢቀር ከየትኛውም ሐውልት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ንድፉ ሲወጣ እነሱ ጠረጴዛው አጠገብ ይኑሩ። ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በሰላም ቀን ቢሆን ጥሩ ነበር። የባሕር ዳር ሰው ሐዘን ተደራርቦበታል። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ተቃውሞ የወጡ ወጣቶች በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ በጥይት ወደቁ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ አንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በደረሰው ጥቃት የክልሉ ባለሥልጣናት ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ እዘዝ ዋሴና አቶ ምግባሩ ከበደ ሕይወታቸው አለፈ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ራሱ ጦርነት ውስጥ ነው። የሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ ለቅሶ ማደር ቀረ። መንገድ ሲዘጋ ከገጠር ዘመድ መምጣት አልቻለም። አስከሬኑ ያልተገኘ ልጅ ያላቸው እናቶች አሉ። ለእነሱ ሰባት ምዕራፍ የለም። አንድም ምዕራፍ የለም።

እንዲህ ያለ ሐዘን ቦታ ካላገኘ ይጠፋል ማለት አይደለም። ቤት ይገባል። ዝም ይላል። ልጁ የእናቱን ዝምታ ይወርሳል፣ ምክንያቱን ግን አይወርስም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ትልቅ ግንባታ ይሁን፣ ሌላ ሐውልት ይቁም እያልኩ አይደለም። ማን ስንት ሞተበት የሚል ክርክር በድንጋይ ላይ ለመጻፍም ጊዜው አይመስለኝም። ልጇን ያጣች ሴት፣ የማንም ወገን ትሁን፣ ሄዳ ቁጭ የምትልበት ቦታ ይኑር ነው የምለው።

ይህ ደግሞ በጀት የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ ንጣፍ ያልተነጠፈበት፣ ካስማ የሚገባበት አፈር ይተው። ዙሪያውን ዋርካ ወይም ሾላ ይተከል፣ ዘንባባ ያምራል እንጂ ጥላው ቀጭን ነው። ቧንቧ ይኑረው፣ ለቅሶ ቤት ውኃ ብዙ ይፈጃል። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው። ዳርቻው ላይ አሁን ያሉት አግዳሚዎች ለወጣት የተሠሩ ናቸው፣ ሽማግሌ አሥር ደቂቃ አይቀመጥባቸውም። በሰላሙ ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ሠርግም ይደገስበት። ሠርግና ለቅሶ በአንድ ድንኳን ስንወጣ ነው የኖርነው። ኮንዶሚኒየም የሚሠራም ሰው አንድ ቀን ብቻ የዕድር ዳኛ ጠርቶ ንድፉን ያሳይ። ዕድር በዚህ አገር ስለ ቦታ ከማንም በላይ ያውቃል። ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቃል፣ ሴቶቹ የት እንደሚቀመጡ ያውቃል፣ ብረት ድስቱ ከነፋስ የት እንደሚከለል ያውቃል።

ከዋናው ጎዳና ዳር ቤታቸው የተነሣባቸው ሰዎችም አሉ። ካሳ ያገኘም አለ፣ ምትክ ቤት ያገኘም አለ። የተበተነው ዕድር ግን በምትክ አይሰጥም። አንዲት ሴት ነች የነገረችኝ። አዲሱ ሰፈሯ ጥሩ ነው፣ ውኃ አለ፣ መብራት አለ። ባሏ ሲሞት ግን የድሮ ዕድሯ ሰዎች ከከተማው ሌላ ጫፍ በሁለት ባጃጅ ተጭነው መጡ። ድንኳኑን ራሳቸው ይዘው። «ጥሩምባ የሚነፋልኝ እንኳ አልነበረም፤ በቴሌግራም ነው የተጠራሩት» አለችኝ። ጥሩምባ ነፊው የሰፈሩን ጠባብ መንገድ ሁሉ ያውቅ ነበር። በአዲሱ ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ አያውቀውም።

የእኛ ግቢ ዕድር መስከረም ላይ ስብሰባ ተቀመጠ። አጀንዳው ድንኳኑ ነበር። ካስማ የሚመታበት ቦታ ይፈቀድልን ብለን ማመልከቻ ጽፈናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ግን ሰው መሞቱን አይተውም። ዳኛው ሜትር ይዘው መጥተው በባጃጆቹና በታንከሩ መሀል ያለውን ለኩ፣ በዚህ ጊዜ በእርምጃ አልነበረም። ድንኳኑን ያሰፉት ከሃያ ዓመት በፊት ራሳቸው ናቸው። ለመቶ ሃያ ሰው ነበር። ጨርቁን አጣጥፈው በጉልበታቸው ላይ አደረጉና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ለልብስ ሰፊው ሰጡት። በግማሽ እንዲቆርጠው።